ጊኒር በአምስት ባይት

በ1970ዎቹ አጋማሽ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ እኛ አሰምብለር የተማርነው በአብዛኛው በወረቀት ነው። ማሽኑ ሌላ ቦታ፣ ወረፋው ረጅም። ስለዚህ ማሽኑ እኛው ነበርን። ደብተር ላይ 16 ሣጥን እንሥላለን፤ ሬጅስተሮቹ እነሱ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 32 ቢት። «ኤል» ሲል ከሜሞሪ አንስተን ሣጥኑ ውስጥ እንጽፋለን፣ «ኤ» ሲል እንደምራለን፣ «ኤስቲ» ሲል ወደ ሜሞሪ እንመልሳለን። የላጲስ ነገር አይነሣ!

በወረቀት መማር የተቻለውም በምክንያት ነው። አይቢኤም ሲስተም 360ን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1964 ይፋ ሲያደርግ ለትንሹም ለትልቁም ሞዴል አንድ ዓይነት የትእዛዝ ስብስብ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ማሽን ሲቀየር ፕሮግራሙም እንደ አዲስ ይጻፍ ነበር። አንድ መመሪያ መጽሐፍ ያለው ተማሪ ግን ከዚያ ወዲህ የትም ሆኖ መማር ቻለ።

ብዙዎቻችንን ያስቸገረን ቤዝ ሬጅስተር ነው። ትእዛዙ ውስጥ ለርቀት የተተወው 12 ቢት ብቻ ስለሆነ ከመነሻው 4096 ባይት በላይ አያደርስም። እኔ የገባኝ በአገሬ በጊኒር ነው። እኛ ዘንድ ቤት የሚጠቆመው «ከገበያው ወደ ታች አራተኛው» ተብሎ ነው። ገበያው ቤዙ፣ አራተኛው ርቀቱ። ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ የትም ቢጫን «ባላር» መነሻውን ሬጅስተር ላይ ያስቀምጣል፣ የቀረው ከዚያ ይቆጠራል።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ጊኒር አስተማሪ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የደመወዝ ዝርዝሩን ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር የጋሼ ደመወዝ ሦስት ወር ሳይመጣ ቀረ። ቤቱ በዱቤ ጤፍ ከረመ። እዚያ ለተግባር ልምምድ ስመደብ የፕሮግራሙን ዝርዝር አየሁት። የከተማው ስም በአንዱ ካርድ ላይ ጂ-አይ-ኤን-አይ-አር፣ በሌላው እንደ ጣሊያን ካርታ ጂ-ኤች-አይ-ኤን-ኤን-አይ-አር ተብሎ ተበስቷል። በማሽኑ ኮድ የመጀመሪያው ሲ7 ሲ9 ዲ5 ሲ9 ዲ9 ነው፤ ሁለተኛው ሲ7 ሲ8 ብሎ ይጀምራል። «ሲኤልሲ» ከግራ ጀምሮ ባይት በባይት ሲያነጻጽር ሁለተኛው ባይት ላይ ይለያያሉ፤ አበቃ፣ ሁለት ከተማ ሆኑ።

ማሽኑ ጥፋት የለበትም። የታዘዘውን ነው የሠራው። በእኛ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ «ጊኒር» ሦስት ፊደል ነው፣ የሚያሳስትም ነገር የለው። ግን አንድ ባይት የሚይዘው 256 ምልክት ነው፤ የእኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ይሆናል፣ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ከላቲኑ ጋር አንድ ላይ አይገባም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለጋሼ ደመወዝ በጣም ዘግይቶ።

ያን ጊዜ የተገኘው መፍትሔ ለየከተማው ቁጥር መስጠት ሆነ። ጊኒርም ቁጥር ሆና ደመወዙ በአራተኛው ወር ከነውዝፉ መጣ። ጋሼ ብሩን ቆጥሮ «እና ይሄ ነው አራት ኪሎ የላከህ?» አለኝ። ዱቤውን ከፍለን የተረፈው ለአውቶቡስ ትኬቴ በቃ።

የዚያን ዘመን የኮዲንግ ወረቀት ወይም 80 ዓምዱን ካርድ እስካሁን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ለዘንድሮው መገናኛችን ይዛችሁ ብትመጡ ዛሬ የሚያስተምሩት መምህራን ሊያዩት ይፈልጋሉ። እኔ ደብተሬን አመጣለሁ፤ ሣጥኖቹ ላጲስ ቢበላቸውም ይነበባሉ።