ፈላና በር እና የጫት ሕግ

ሐረር ጀጎልን የከበበው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአሚር ኑር ዘመን ሲታነጽ አምስት በሮች ተተዉለት። በሰሜን በኩል ያለውን በር አማርኛ ተናጋሪው ፈላና በር ይለዋል፤ ሐረሪዎች ደግሞ አሱም በሪ ይሉታል። በአሚሮቹ ዘመን የከተማዋ በሮች ማታ ይዘጉ፣ ንጋት ላይ ይከፈቱ ነበር። እንግዳ ሰው መሣሪያውን ለበር ጠባቂዎች አስረክቦ ይገባል፤ ነጋዴም ቀረጡን ይከፍላል። የገበሬው እህልና ቡና፣ የሲራራ ነጋዴው ጨውና ጨርቅ፣ ጫትም ጭምር፣ ሁሉም በዚህ ሥርዓት ያልፋል። ስለ ጫት ሕግ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህ በር በሐሳቤ ይመጣል። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ወይ «ይከልከል» ወይ «ይለቀቅ» ሲሉ እሰማለሁና።

ጫት በምድራችን የቆየ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት የሚተርከው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ንጉሡን ድል ነሥቶ በመናገሻው ላይ ጫት እንደሚተክል ሲዝት ያሳየናል። ቅጠሉ በዚያን ጊዜ የሃይማኖትና የግዛት ምልክት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሰነበተ። በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሐረር ሊቃውንት ጫትን የደጋግ ሰዎች ምግብ አድርገው እንደሚያከብሩትና የከተማው ሰው በየዕለቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ገደማ ይቅም እንደነበር ጽፏል። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት ነው። እኔን የሚስበኝ ይህ የሰዓት ወሰን ነው። በጽሑፍ የተደነገገ ሕግ አልነበረም፤ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ነበረው። በዱዓ የሚከፈት፣ ሽማግሌ የሚመራው በርጫም የራሱ ሥርዓት አለው። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚነሣ ይታወቃል።

ይህን ልማድ የለወጠው የመጓጓዣ ፍጥነት ነው። ጫትን የሚያነቃ የሚያደርገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ይዳከማል፤ ስለዚህ ንግዱ ሁልጊዜ ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የጅቡቲ ገበያ ቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይጓዝ ጀመር። በሐረርና በዓለማያ መካከል የምትገኘው አወዳይ የታወቀች የጫት ገበያ ሆነች። የሐረርጌ ገበሬም በዓመት ደጋግሞ የሚቀጠፈውን ጫት በቡናው ቦታ እየተከለ ሄደ።

ገበያው ሲሰፋ መንግሥታት ደነገጡ። የእንግሊዝ ቅኝ የነበረችው ኤደን እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ጫትን ከለከለች። ቃሚው ወሰኑን ተሻግሮ ላሕጅ ውስጥ ይቅም ጀመር፤ ኮንትሮባንዱም ደራ፤ እገዳው በዓመቱ ተነሣ። የሶማሊያው ዚያድ ባሬ በ1983 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአዋጅ ከለከሉ፤ በሰሜን ምዕራብ የነበሩ የጫት እርሻዎች ወደሙ፤ ያተረፉት ግን ቂም ነው። ብሪታንያም የራሷ የባለሙያዎች ምክር ቤት «እገዳው አያስፈልግም» ብሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጫትን ከተከለከሉ ዕፆች መዝገብ አስገባችው።

ይህችው ብሪታንያ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላ ነገር በዚሁ መዝገብ ጻፈች፤ የሳቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1799 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ ራሱ እየተነፈሰ የመረመረው ይህ ጋዝ ሐኪሞች ሕመም የሚያስታግሡበት፣ ኬክ ሠሪዎችም ክሬም የሚያስነሡበት ነው። ወጣቶች ለጨዋታ አብዝተው ሲስቡት ግን በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ከሥራ ውጭ እያደረገ ነርቭን ይጎዳል፤ እግራቸው የሰነፈም አሉ። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ለመዝናኛ መሸጡን ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 8 ቀን 2023 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለዚሁ ዓላማ መያዙንም ወንጀል አደረገው። ለሐኪሙና ለኬክ ሠሪው ግን በሩ ክፍት ነው። ቅጣቱ መክበዱ ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን ሕጉ «ማን? ለምን?» ብሎ መጠየቁን ልብ እላለሁ።

የእኛ አገር ሕግስ ምን ይጠይቃል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 767 በኪሎ 5 ብር ጣለ። የጠየቀው ክብደቱን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ትምባሆና አልኮል ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ፤ ሺሻንም ከለከለ። ለጫት ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ወሰን አላስቀመጠም። ስለዚህ ሲጋራ የሚከለከለው የ14 ዓመት ልጅ፣ ለአንድ እስር ጫት የሚሆን ብር ካለው ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሻጩን የሚያስጠይቅ የፌዴራል ድንጋጌ የለም። የድሮው በርጫ ሽማግሌ ነበረው፤ መንገድ ዳር የሚቅመው ልጅ ግን ሽማግሌም ሰዓትም የለውም። ምርቃናው ሲያስጨንቀው ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ እንቅልፉን ያጣል፤ ትምህርቱን ይተዋል።

ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል። ጫትን ፈጽሞ እንከልክል ብንል ከኤደን የተለየ ነገር አናገኝም፤ የሐረርጌ ገበሬ ጓዳ ይራቆታል፣ ንግዱም ወደ ጨለማ ይገባል። ዝም ብንልም ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። እኔ የምመኘው ሕግ ቀላል ነው፤ ለልጅ አይሸጥ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ አይሸጥ፣ ከጫት ከሚሰበሰበው ታክስ የተወሰነው ከሱስ ለመውጣት ለሚታገሉ ሰዎች ሕክምና ይዋል። ይህ ለሐረር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ከተማዋ የፈላና በርን ለዘመናት ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራለች፤ ንግዷ በዚህ ሥርዓት አልጠፋም፤ ሌሊቷም ያለ ጠባቂ አላደረም።