የአንጀት ባክቴሪያና የኬሞቴራፒ የጎንዮሽ ጉዳት

ሐዋሳ፡- በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሕሙማን ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች በተጨማሪ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላና ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ኬሞቴራፒውን ወስደው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በሆድ ዕቃ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚጸናው ከሆስፒታል ከወጡ ከቀናት በኋላ ነው። በመሆኑም የጉዳቱን መነሻና የአደጋ ምልክቶቹን ማወቅ ለሕሙማኑ፣ ለቤተሰባቸውና ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጠቃሚ ይሆናል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

አብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የሚያጠቁት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ነው። የካንሰር ሕዋሳት የዚህ ዓይነት ጠባይ አላቸው። ይሁን እንጂ የአንጀት የውስጥ ሽፋንም ከ3 እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን የሚያድስ በመሆኑ ከጥቃቱ አያመልጥም። ሽፋኑ ሲጎዳ የአፍ ቁስለት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይከተላሉ። ማቅለሽለሽና ትውከት በአመዛኙ የሚመነጩት መድኃኒቱ የአንጎልን የትውከት ማዕከል ስለሚቀሰቅስ ሲሆን፣ እነዚህን ለመከላከል አስቀድሞ መድኃኒት ይሰጣል።

የባክቴሪያዎቹ ድርሻ

በሰው አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ምግብን በማብላላት፣ የአንጀትን ሽፋን በመመገብና ጎጂ ተህዋሲያንን በመከላከል ያገለግላሉ። የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ቁጥራቸውንና ስብጥራቸውን ያዛባሉ። በሌላ በኩል ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን የሚለውጡበት ሁኔታ አለ።

ለዚህ በግልጽ የሚጠቀሰው ምሳሌ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ለማከም የሚያገለግለው ኢሪኖቴካን ነው። ጉበት ይህን መድኃኒት ከስኳር መሰል ሞለኪውል ጋር በማጣመር ኃይሉን ያዳክምና በሐሞት አማካኝነት ወደ አንጀት ይልከዋል። በዚያ የሚገኙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ጥምረቱን ቆርጠው መርዛማነቱን ይመልሱለታል። መድኃኒቱ ከተወሰደ ከ24 ሰዓት በኋላ ለሚጀምረው ብርቱ ተቅማጥ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎቹን ሳይገድሉ ኢንዛይሙን ብቻ በመግታት በአይጦች ላይ ጉዳቱን መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከጃፓን የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1993 በጃፓን የደረሰው አደጋ የጉዳዩን ክብደት ያመለክታል። በወቅቱ አልማዝ ባለጭራ ለተባለው በሽታ ሶሪቩዲን የተሰኘ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ቀርቦ ነበር። የአንጀት ባክቴሪያዎች ይህን መድኃኒት ወደ ሌላ ውሁድ ሲለውጡት፣ ውሁዱ ፍሎሮዩራሲል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም አገደ። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ በወሰዱ ሕሙማን ደም ውስጥ ፍሎሮዩራሲል በመከማቸቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ 15 ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ሶሪቩዲንም ከገበያ ወጥቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ ማናቸውንም ተጨማሪ መድኃኒት መውሰድ እንደሌለበት ነው። ተቅማጥን ለማስቆም በሚል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጭምር ስለሚገድል ሌላ ብርቱ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።

ምግብን በተመለከተ

በእርሾ ለሚቦካው እንጀራም ሆነ በሲዳማ ለሚዘወተረው ቆጮ መብላላት ምክንያት የሚሆኑት ረቂቅ ተህዋሲያን በምጣድ ላይ በሙቀት ይሞታሉ። በመሆኑም ሁለቱ ምግቦች ለሕሙማኑ የሚያሰጉ አይደሉም። በአንጻሩ ካልተፈላ ወተት የሚዘጋጅ እርጎና አይብ፣ ጥሬ ሥጋ እንዲሁም በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚዘወተረው ጥሬ ዓሣ ለኬሞቴራፒ ሕሙማን አይመከሩም። ነጭ የደም ሕዋሳት በአብዛኛው ከሕክምናው በኋላ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ስለሚደርሱ፣ በተጎዳው አንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ፕሮባዮቲክ ተብለው የሚሸጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ቢሆኑ በጥናት የታየው ውጤታቸው ወጥ ባለመሆኑ ያለ ሐኪም ምክር መውሰዱ ተገቢ አይደለም።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ተቅማጥ ሲጀምር አንዱን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጦ ደጋግሞ መጠጣት ይገባል። የሰገራው ብዛት በቀን ከተለመደው በ4 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲጨምር፣ ደም ሲቀላቀልበት፣ የጠጡት ፈሳሽ አልረጋ ሲል፣ የሽንት መጠን ሲቀንስ ወይም የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል መሄድና ኬሞቴራፒ በመውሰድ ላይ መሆንን መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ ወይም ቀጣዩን ዙር ሊያዘገይ ይችላል። ሕመምተኛው በራሱ ውሳኔ ሕክምናውን ቢያቋርጥ ግን ካንሰሩ እንዲስፋፋ ዕድል ይሰጠዋል።

በመሃል ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ሠራተኛ ሰኞ ኬሞቴራፒ ወስዶ ሐሙስ በሥራ ገበታው ላይ ቢገኝ፣ ጤነኛ መስሎ ቢታይም አስጊዎቹ ቀናት ገና ከፊቱ ናቸው። ሕክምናው በአብዛኛው በየ14 ወይም በየ21 ቀኑ የሚደጋገም በመሆኑ የቅርብ ኃላፊው የሕመም ፈቃዱን ከዚሁ ጋር አጣጥሞ አስቀድሞ መመደብ ይችላል። ለመጸዳጃ ቤት ቅርብ የሆነ ቢሮ መስጠትም ወጪ የማይጠይቅ እርዳታ ነው። ስለ ተቅማጥ መናገር በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ሕሙማን እስኪዳከሙ ድረስ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። የሥራ ባልደረቦችና ቤተሰብ ሕመሙ የሕክምናው የታወቀ ውጤት መሆኑን ተገንዝበው በጊዜ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ቢያበረታቷቸው ሕይወታቸውን ከአደጋ ሊታደጉ ይችላሉ።