አንቀጽ 26 እና የደብዳቤያችን ምስጢር



ወደ አገር ቤት ደብዳቤ በሰው እጅ እንልክ የነበረበት ዘመን ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ፖስታው በደንብ ይታሸጋል፣ በማሸጊያው ላይ ፊርማ ያርፍበታል፣ ወሳጁም «አደራ» ይባላል። አደራ የተባለው ወረቀቱ እንዳይጠፋ ብቻ አልነበረም። በውስጡ ያለውን ሌላ ሰው እንዳያየውም ጭምር ነበር እንጂ። ዛሬ ደብዳቤው ኢሜይል፣ ወሳጁም ኮምፒዩተር ሆኗል። ለመሆኑ አደራውስ የት ደረሰ?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1923 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። በማርቀቁ ሥራ ዋናውን ድርሻ የያዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ለአብነት የተመለከቱትም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ አንቀጽ 26 በሕግ ከተወሰነው በቀር የሰው ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ይደነግጋል። የኛውም አንቀጽ 26 ይህንኑ ደነገገ። ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በዚያው ቁጥር፣ በአንቀጽ 26፣ በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ እንዳይደፈር አወጀ። እንግዲህ መብቱ በጽሑፍ ጎድሎብን አያውቅም ማለት ነው። የጎደለው መብቱ ሲደፈር አቤት የሚባልበት ደጅ ነው።

ይህን ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ያደረገው ታሪክ የኛኑ ከተማ ይነካል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዳንፎርዝ፣ ከግሪንውድ ጣቢያ በምድር ባቡር ተሳፍረው ወደ ምዕራብ ቢጓዙና ሴንት ጆርጅ ቢወርዱ፣ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን ያገኛሉ። በዚያ ፕሮፌሰር ሮናልድ ዲበርት በ2001 ያቋቋሙት ሲትዝን ላብ የሚባል የምርምር ማዕከል አለ። ይህ ማዕከል በማርች 2013 ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም መቆጣጠሪያዎችን በ25 አገሮች ማግኘቱን ገለጸ። ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ለማጥመጃ የዋለውም የግንቦት 7 አባላት ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶግራፉን ለማየት ፋይሉን የከፈተ ሰው፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነ ማለት ነው።

ዘገባው ከወጣ በኋላ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒዩተሩን አስመረመረ። በኢሜይል ተያይዞ በመጣ የወርድ ሰነድ አማካይነት ፊንስፓይ ገብቶበት ተገኘ። በክሱ እንደተገለጸው፣ ፕሮግራሙ ከ2012 መገባደጃ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳና ኢሜይሉን ሲገለብጥ፣ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን ፍለጋ ሳይቀር ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ ቆይቷል። ሰውየው በአገር ቤት ላሉት ዘመዶቹ በመስጋት በእውነተኛ ስሙ አልከሰሰም። በፍርድ ቤት የታወቀው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ነው።

በፌብሩዋሪ 2014 የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ጉዳዩን ይዘው በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሱ። ክሱ የቆመው በሁለት እግር ነበር። አንደኛው ንግግርን በድብቅ መቅዳትን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር በራሱ በደል ነው የሚለው የሜሪላንድ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ክሱ በሜይ 2016 ተዘጋ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በማርች 2017 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱስ? የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲህ ባለ በደል የሚከሰሰው ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ነው፤ የዚህኛው ከፊሉ ከባሕር ማዶ ተፈጽሟል ተባለ። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ አልተፈጸመም አላለም። የመዳኘት ሥልጣን የለኝም አለ እንጂ።

ውድ አንባቢ፣ «ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። በኦንታሪዮም ጥያቄው ያው ነው። በጃንዋሪ 2012 የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ የሌላዋን ሠራተኛ የሂሳብ መዝገብ በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 174 ጊዜ ከፍታ በማየቷ 10,000 ዶላር ካሣ እንድትከፍል ፈረደ። የግል ሕይወትን መድፈር በራሱ የሚያስጠይቅ በደል መሆኑን በክፍለ ሀገሩ ያጸናው ይህ ፍርድ ነው። እንግዲህ ጎረቤትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ መዝገብዎን ቢበረብር ደጁ ክፍት ነው። በዳዩ መንግሥት ሲሆን ግን፣ ካናዳም በ1982 ያወጣችው የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ ከፊት ይቆማል።

ደጁ ለዘለዓለም ተዘግቶ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። በ2022 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በስልክ ላይ በተጠመደ የስለላ ፕሮግራም ምክንያት በሳዑዲ ዓረቢያ ላይ የቀረበ ክስ ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ። ፊንስፓይን ይሠራ የነበረው ኩባንያም በዚያው ዓመት ኪሳራውን አሳወቀ። ኢትዮጵያ በበኩሏ በ2024 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አወጣች። የአዋጁ ፍሬ የሚለካው ግን በወረቀቱ ውበት ሳይሆን ተበዳዩ አቤት ሲል በሚያገኘው መልስ ነው። አንቀጽ 26 ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ከኪዳኔ ታሪክ ለእያንዳንዳችን የሚተርፍ ምክርም አለ። የማይጠብቁት ፋይል፣ ከሚያውቁት ሰው ስም እንኳ ቢመጣ፣ ላኪውን በስልክ ሳይጠይቁ አይክፈቱት። ኮምፒዩተርዎን ከጠረጠሩት ደግሞ በድንጋጤ አይደምስሱት፤ ከኢንተርኔት ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩት። የኪዳኔ ጠበቆች ይዘው የቀረቡት ማስረጃ በኮምፒዩተሩ ላይ የቀረው ዱካ ነበር። ዱካው ቢጠፋ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ታሪክም ባልኖረ ነበር።

ቸር ይግጠመን።