«ቴክን አባክ»፦ ከመርከብ ሸራ ወደ ሰው ስሜት

ያልጠበቀው ነገር ድንገት ገጥሞት ለአፍታ የሚለው የጠፋውን ሰው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዋዝ ቴክን አባክ» ይሉታል።

አነጋገሩ የባሕረኞች ነው። በባለ ሸራ መርከቦች ዘመን፣ ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ወጥሮ መርከቡን ወደፊት ይገፋ ነበር። ነፋሱ በድንገት ዞሮ ከፊት ሲመጣ ግን ሸራው ወደ ኋላ ተገፍቶ ምሰሶው ላይ ይለጠፋል። መርከቡ ይገታል፤ አንዳንዴም የኋሊት ይንሸራተታል። ነፋሱ ከበረታ ምሰሶው ሊሰበር ይችላል። «አባክ» የሚለው ቃልም «ወደ ኋላ» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አነጋገሩ ለሰው ስሜትም ይነገር ነበር፤ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው የአሜሪካ ጉዞ መጽሐፉ ተጠቅሞበታል።

ከአማርኛ በጣም የሚቀርበው «ክው አለ» ነው። «ተደነቀ» አይተካውም፤ መደነቅ አድናቆትንም ይጨምራል፣ እዚህ ግን የሚያይለው መደናገሩ ነው። ለሥራ ስትፈተን ስለ ትዳሯ የተጠየቀች አመልካች «አይ ዋዝ ቴክን አባክ ባይ ዘ ክዌስችን» ብትል፣ «ጥያቄው ክው አደረገኝ» ማለቷ ነው። ያልታሰበ ደግነትም ሰውን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል።

በአጠቃቀም ረገድ ሐረጉ ብዙውን ጊዜ በተደራጊ ግስ ይመጣል፤ ያስደነገጠው ነገር «ባይ»ን ተከትሎ ይጠቀሳል። አስደንጋጩ ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከሆነ ደግሞ ተውላጠ ስሙ በሁለቱ ቃላት መካከል ይገባል፦ «ዘ ክዌስችን ቱክ ሚ አባክ» ይባላል እንጂ «ቱክ አባክ ሚ» አይባልም።