የቺካጎ ቄራና የእንስሳው ጩኸት

በ1865 ዓ.ም. የገና ዕለት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ በስተደቡብ፣ ቀድሞ ረግረግ በነበረ መሬት ላይ አንድ ታላቅ የከብት በረት ተከፈተ። ዘጠኝ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቋቋሙት ይህ በረት ዩኒየን ስቶክ ያርድስ ይባል ነበር። ከምዕራቡ የግጦሽ ምድር የተነዳው በሬ፣ በበቆሎ የደለበው አሳማ፣ በጉም ጭምር በባቡር ተጭኖ እዚያ ይራገፋል፤ በዙሪያው ወደ ተተከሉት ቄራዎች ይገባል፤ ሥጋ ሆኖ ይወጣል። የሥጋ ከበርቴዎቹም «ከአሳማው ጩኸቱ ብቻ ነው የሚባክነው» እያሉ ይኩራሩ ነበር። አነጋገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ የቤቱን ሥርዓት በትክክል ይገልጣል። ጩኸቱ ዋጋ ስላልወጣለት ማንም አልሰማውም።

የአሠራሩ ስልት እንዲህ ነበር። አሳማው በሕይወቱ ሳለ የኋላ እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ሰንሰለቱ ከሚዞር ትልቅ መንኰራኵር ላይ ይያያዛል፤ መንኰራኵሩም እንስሳውን ቁልቁል ዘቅዝቆ ያነሣና ከጣሪያው ሥር ለተዘረጋው ሐዲድ ያስረክበዋል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሠራተኛ ጉሮሮውን ይወጋል፣ ሌላው ሆዱን ይዘረግፋል፣ ሌላው ቆዳውን ይፍቃል። በሬው በጠባብ አጥር ውስጥ ቆሞ ግንባሩን በመዶሻ ይመታል፤ አንዱ ምት ያልጣለው እንደሆነ ይደገማል። በጎቹን ወደ መታረጃው የሚመራ የሠለጠነ ፍየልም ነበር። ይሁዳ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ መንጋውን ከበሩ አድርሶ በጎን በኩል ይወጣና ለሚቀጥለው መንጋ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው የሥራ ክፍፍል ያስገኘው ፍጥነትን ብቻ አይደለም። በአንድ ባለሙያ እጅ ይፈጸም የነበረውን እርድ በብዙ እጆች በታትኖ «ያረደው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አሳጣው። አንድ በሬ በደጁ የሚያርድ ሰው ዓይኑን ያየዋል፤ በቺካጎ ግን ቀኑን ሙሉ ሰኮና ብቻ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ሄንሪ ፎርድ ከጊዜ በኋላ በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የመኪና መገጣጠሚያው መስመር ሐሳብ የመነጨው ከቺካጎ ቄራዎች ተንጠልጣይ ሐዲድ መሆኑን ገልጧል። ዘመናዊው ፋብሪካ ከብት ከሚበለትበት ሐዲድ ትምህርት ወሰደ ማለት ነው።

ሕጉ ፈጽሞ ዝም ብሎ ነበር ማለት አይቻልም። በ1873 የአሜሪካ ምክር ቤት በባቡር የሚጓዝ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳያርፍ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ እንዳይቆይ ደንግጎ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ጉዞ ይናገራል።

በ1904 መጨረሻ ወጣቱ ደራሲ አፕተን ሲንክሌር ወደ ቺካጎ ሄደ። ላኪው የሶሻሊስት ጋዜጣ ነበር፤ የቄራ ወዝ አደሮች አድማ በዚያው ዓመት ተሸንፏል። ሰባት ሳምንት ያህል በሠራተኞቹ መካከል ቆይቶ «ዘ ጃንግል» የተሰኘውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1905 በጋዜጣው በተከታታይ፣ በ1906 በመጽሐፍ ታተመ። የታሪኩ ባለቤት ከሊትዌኒያ የፈለሰው ዩርጊስ ወደ ቄራው ገና እንደ ደረሰ የአሳማዎቹን መንኰራኵር ቆሞ ያያል። ደራሲው እዚህ ላይ ብዕሩን ያዘገያል፤ እያንዳንዱ አሳማ የራሱ ባሕርይና የራሱ ተስፋ እንደነበረው ያስባል፤ ዩርጊስ ግን አሳማ ባለመሆኑ ደስ ይለዋል። በልብ ወለዱ ማገባደጃ፣ እሱ ራሱ የከበርቴዎቹ አሳማ እንደነበረ ይረዳል። ምሳሌው ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ የሚከፈልበት ዋጋ አለ፤ አሳማው የሰው አምሳል ከሆነበት ሰዓት ጀምሮ አሳማነቱ ተረስቷል።

አንባቢው ደግሞ ከደራሲው የባሰ ነበር። ሕዝቡ የተቆጣው ለዩርጊስም ለአሳማውም አይደለም፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የበላው ሥጋ ምን እንደሆነ ባወቀ ጊዜ ነው። ሲንክሌር ራሱ የሕዝቡን ልብ ሊመታ አነጣጥሮ ሆዱን እንደ መታ በምሬት ተናግሯል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መርማሪዎች ላኩ፤ ሰኔ 30 ቀን 1906 የሥጋ ምርመራ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ስለ በሽታና ስለ ንጽሕና ይናገራል፤ ስለ ወዝ አደሩ ደመወዝ አይናገርም፤ ከብቱ እንዴት መሞት እንዳለበትም አያነሣም። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 29፣ የ1873ቱ የጉዞ ሕግ በአዲስ ተተክቶ ነበር። አዲሱ ሕግ ባለ ንብረቱ በጽሑፍ ከጠየቀ 28 ሰዓቱ ወደ 36 እንዲራዘም ፈቀደ። በሁለት ተከታታይ ቀናት የበላተኛው ሆድ ዋስትና ሲያገኝ የሚበላው ከብት ስምንት ሰዓት ተጨመረበት።

ቺካጎ ወደ ቲያትር መድረክ የመጣችው በጀርመናዊው በርቶልት ብሬክት እጅ ነው። «የቄራዎቹ ቅድስት ዮሐና» የተሰኘውን ተውኔት ከ1929 እስከ 1931 ጻፈ፤ በ1932 በበርሊን ሬዲዮ ተሰማ፤ በመድረክ የታየው ግን እሱ ከሞተ በኋላ በ1959 ነው። በመክፈቻው የሥጋ ንጉሡ ማውለር የአንድ በሬ አሟሟት ልቡን እንደ ነካውና ከዚህ የደም ንግድ መውጣት እንደሚሻ ያወራል። ተመልካቹ ሊያዝንለት ሲል፣ ከኒው ዮርክ ወዳጆቹ «ገበያው ሊወድቅ ነውና ውጣ» የሚል ደብዳቤ እንደ ደረሰው ያውቃል። ርኅራኄን መጋረጃ አድርጎ የሚነግድ ሰው በዚህ ያህል ብልሃት የተጋለጠበት ትዕይንት ጥቂት ነው። ብሬክት ማውለርን መጠርጠሩ ትክክል ነበር። የበሬው ሕመም ግን ማውለር ስለ ዋሸበት ሐሰት አይሆንም፤ ተውኔቱም ወደዚያ ሕመም ተመልሶ አይሄድም። ሁለቱ ታላላቅ ደራስያን እንስሳውን አይተው ወደ ሰው አለፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ወዝ አደር በሚራብበት ዘመን ይህን ቅደም ተከተል የሚነቅፍ አይገኝ ይሆናል፤ የሚያስገርመው ወደ ኋላ የተመለሰ አለመኖሩ ነው።

ሴናተር ሂዩበርት ሃምፍሪ ስለ እርድ አፈጻጸም ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት በ1955 ነው። በ1958 የጸደቀው ሕግ ከብት፣ በግና አሳማ በሰንሰለት ከመታሰራቸውና ከመነሣታቸው በፊት ሕመም እንዳይሰማቸው ደንዝዘው እንዲገኙ አዘዘ፤ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውን እርድም ተቀበለ። ከሥጋ ምርመራው ሕግ 52 ዓመት ዘግይቷል። መጀመሪያ ያስገደደው ለፌዴራሉ መንግሥት ሥጋ የሚሸጡትን ብቻ ነበር፤ በፌዴራሉ መንግሥት ምርመራ ሥር ያሉት ቄራዎች ሁሉ የተካተቱት በ1978 ነው። የጭነት መኪና በጉዞው ሕግ እንደሚገዛ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ በይፋ ያሳወቀው ደግሞ በ2006። በቁጥር ከሁሉም የሚበልጡት ዶሮዎች በእርዱ ሕግ እስካሁን አልተካተቱም፤ በአብዛኞቹ ቄራዎች በሕይወታቸው ሳሉ በእግራቸው ተዘቅዝቀው በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ይሰቀላሉ።

የቺካጎ ታላላቅ ኩባንያዎች በ1950ዎቹ ቄራቸውን እየዘጉ ወደ ገጠሩ ተጠግተዋል፤ በረቱም ሐምሌ 30 ቀን 1971 ተዘጋ። የቀረው የድንጋይ በሩ ነው። በመካከለኛው ቅስት አናት ላይ የአንድ ሰንጋ ራስ ተቀርጾ ይታያል። ገበሬ በሬውን በስሙ እየጠራ በሚያርስበት አገር ላደገ ሰው፣ በዚያ ደጅ ካለፈው ሁሉ ይህ አንዱ ስም ያለው መሆኑ ሳይገርመው አይቀርም። ሸርማን ይባላል፤ የወጣለትም ከበረቱ መሥራቾች በአንደኛው ስም ነው።