ጎሽና በሬ በአንድ ደዌ

ጎሽ በአገራችን የጀግና መለኪያ የሆነ አውሬ ነበረ። ዝሆንን፥ አንበሳንና ጎሽን የገደለ አዳኝ ወደ መንደሩ ሲመለስ በእልልታ ይቀበሉታል፤ እርሱም ግዳዩን እየቈጠረ ይፎክራል። ከቆዳው የሚሠራው ጋሻ ጦር የሚመልስ ስለ ሆነ በጦረኛው ዘንድ የተወደደ ነበር፤ ከቀንዱም የመጠጫ ዋንጫ ይወጣል። ልጅ መልካም ሲሠራ «ጎሽ!» የምንለው ቃል ከዚህ አውሬ ስም ጋር በድምፅ አንድ ሆኖ መገኘቱ እኛን ደስ ያሰኘናል።

በእስያ አገሮች የሚታረስበትና የሚታለበው የውሃ ጎሽ ከኛ ጎሽ ጋር በስም ይገናኛል እንጂ አንድ አይደለም። ያኛው ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ለማዳ ነው፤ የአፍሪካው ግን አንገቱን ለቀንበር ሰጥቶ አያውቅም። ከወንዶቹ ከ700 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ። በየቀኑ ውሃ ስለሚሻ ከወንዝና ከሐይቅ አይርቅም። ረጅሙንና ጠንካራውን ሣር በልቶና ረግጦ ስለሚያሳጥረው ትንንሾቹ ሣር በሎች ከኋላው ሆነው ለምለሙን ያገኛሉ። አንበሳ እንኳ ብቻውን ሊገጥመው ይፈራል። ነገር ግን ይህን ብርቱ አውሬ በአንድ ትውልድ ውስጥ በብዛት የጣለው ጦርም ጠመንጃም አልነበረም።

በ1880 ዓ.ም. ግድም የኢጣልያ ጦር በምጽዋ ሰፍሮ ሳለ ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን ከብት በመርከብ ያስመጣ ነበር። ከሕንድ አገር የመጡት ታመው ነበርና ደዌው ከወደቡ ወጥቶ ወደ ደጋው ገባ። ባላገሩ በሽታውን «ደስታ» አለው። ክፉውን ነገር በመልካም ስም መጥራት የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ምናልባት ስሙን ሰምቶ እንዳይቈጣ ይሆናል። የታመመ ከብት ዐይኑ ያለቅሳል፥ አፉ ይቈስላል፥ ተቅማጥም ይይዘዋል፤ ብዙ ቀን ሳይቈይ ይሞታል። ከዐሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ በዚያ ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» ይህ ነው። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱ እንዳያፍሩ ብለው በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ወላጆቻችንም ከአያቶቻቸው የሰሙትን ይነግሩናል። በጎሹ ላይ የደረሰውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም፤ እኛም ብዕር ያነሣነው ስለዚህ ነው።

ጎሽ የበሬ ዘመድ ነው። በአንድ ኩሬ ከጠጡና በአንድ መስክ ከጋጡ የአንዱ ደዌ ለሌላው ይተርፋል። ደስታም ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ ሲወርድ በከብቱ መንገድ ጎሹን እየጨረሰ ሄደ። (ከዚህ በታች ያለውን ዘመን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ሉጋርድ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን በ1890 ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ተነሥቶ ወደ ዑጋንዳ ሲጓዝ በየሜዳው የወደቀ የጎሽ ሬሳ አይቷል። በ1896 በሽታው የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በሚከተለውም ዓመት የአፍሪካ ጫፍ እስከ ሆነው እስከ ኬፕ አገር ደረሰ። ከዚያ ወገን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታየ፤ ይኸውም ገንዲ የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የጸጸ ዝንብ ደሙን የምትመጠው አውሬ ስላለቀባት ከብዙ ስፍራ ጠፋች። አንድ አውሬ ሲጐድል ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ እንዴት እንደሚናወጥ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ጎሹ ተከሳሽ ሆነ። ከብት አርቢውም ሹማምንቱም የበሽታው ጎተራ አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ በአንዳንድ አገርም በሽታውን ለማገድ እየተባለ አራዊት በጥይት ተገደሉ። ፍርዱን የገለበጠው ክትባት ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ በሙጉጋ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ደኅና ክትባት አዘጋጀ። በታንዛንያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ዙሪያ ያሉት ከብቶች ሲከተቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዱር እንስሳቱ መካከል ጠፋ። ጎሹን ማንም አልከተበውም! ነገር ግን በሬው ሲድን እርሱም ዳነ፤ ቍጥሩም እየበዛ ሄደ። ስለዚህ ጎሹ ደዌውን ከበሬው የሚቀበል እንጂ ለዘለቄታው በራሱ ዘንድ የሚያኖረው አለመሆኑ ታወቀ። እኛም በበኩላችን ያለ ጥፋቱ ለተገደለው አውሬ ይህ ፍርድ መዘግየቱ ያሳዝነናል።

ክትባቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በረሓ ለሚኖረው ሕዝብ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ዓይነት ተገኘና የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በአገራችን ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው። በዚያው ወራት ግን በኬንያ በጻቮ የዱር ክልል ውስጥ ብዙ ጎሽ ዐለቀ፤ ይህኛው ዓይነት በከብት ላይ እጅግ ቀላል ስለ ነበረ ባለ ከብቱ ሳያየው ያልፋል፥ ጎሹን ግን ይገድለው ነበር። በምድር ሁሉ ላይ በመጨረሻ የተገኘውም በከብት በረት ሳይሆን በ2001 በኬንያ በሜሩ ፓርክ በጎሾች መካከል ነው። ሐኪሞች ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ፈልገው አጡት፤ በ2011 ማለት በእኛ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ እንደ ጠፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ በኋላ ሰው ያጠፋው ሁለተኛ ደዌ ይህ ነው።

ዛሬ ጎሽ ማየት የሚሻ ሰው ወደ ኦሞ፥ ወደ ማጎ፥ ወደ ጨበራ ጩርጩራ ወይም ወደ ጋምቤላ መውረድ አለበት። የበሽታው ስም ግን በደጋውም አልጠፋም፤ በጎችንና ፍየሎችን የሚገድለውን ሌላ ደዌ የእንስሳት ሐኪሞች እስከ አሁን «ደስታ መሰል» ይሉታል።