የአንበሳ ዓሣ፦ ከቀይ ባሕር ወደ ሳሎን

ሞያሌ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ከኬንያው ወገን የሚነሣው አውራ ጎዳና ግን በማርሳቢት፣ በኢሲዮሎና በናይሮቢ አልፎ ሞምባሳ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገናኛል። በዚያ ዳርቻ፣ በኮራል አለት ሥር፣ እንደ ላባ የተዘረጉ ክንፎች ያሉትና ቀይና ነጭ መስመር የለበሰ አዳኝ ይኖራል፤ የአንበሳ ዓሣ ይሉታል። በቀይ ባሕርም፣ በምጽዋ በኩል፣ ይገኛል። ይህ ዓሣ የሩቅ አገር ሳሎን ጌጥ እስከ መሆን፣ ቆይቶም የሌላውን ባሕር ሰላም እስከ መንሣት የደረሰበት ታሪክ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀይ ባሕርን ዓሦች በስፋት መዝግበው ለሳይንስ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፔተር ፎርስኮል ነው። ከዴንማርክ የጥናት ጓድ ጋር መጥቶ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1775 ነበር። የዓሦቹን ቆዳ እንደ ዕፅ ቅጠል በወረቀት ላይ አድርቆ ያስቀምጥ ነበር። ከእርሱ በኋላ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ ወደ ጎንደርም ዘለቀ። ጭላዳ ዝንጀሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ይኸው ሰው፣ አንዱን የአንበሳ ዓሣ ዘመድ በ1838 ፕቴሮይስ ሲንክታ ብሎ ሰየመው። በዚያ ዘመን ዓሣ ወደ አውሮፓ የሚሻገረው ደርቆ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ነበር እንጂ በሕይወቱ አልነበረም።

ዓሣን በመስታወት ውስጥ በሕይወት የማቆየት ጥበብ በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ። የለንደን መካነ እንስሳት በ1853 የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ። በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሞ ነገሩን የየቤቱ ፋሽን አደረገው። የሐሩር ባሕር አዳኝ ግን ሳሎን የገባው ብዙ ቆይቶ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ የውኃ ማሞቂያና የአውሮፕላን ጭነት ከመጡ በኋላ ነው። የተቀመመ የባሕር ጨው ታሽጎ መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ባሕር የሌለውም አገር በቤቱ ባሕር ሊኖረው ቻለ።

አያያዙ ቀላል አይደለም። ለአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል፤ ለ300 ሊትር ከ10 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ውኃው ሲተን ጨው ስለሚቀር የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ ውኃ ነው። የአንበሳ ዓሣ ምግቡን ሮጦ አይዝም፤ ክንፎቹን ዘርግቶ ከጥግ ያስጠጋና በአንድ ጉርሻ ይውጠዋል። ስለዚህ አፉ የሚችለው ትንሽ ዓሣ ሁሉ አብሮት አይከርምም። 18 መርዛም እሾሆች አሉት። የተወጋ ሰው ሕመሙ ብርቱ ስለሆነ ቁስሉን ሳይቃጠል ሊታገሠው በሚችለው ሙቅ ውኃ ይነክራል፤ ወደ ሐኪምም ይሄዳል።

ችግሩ የመጣው ዓሣው ሲያድግ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲረዝምና ጎረቤቶቹን ሲጨርስ ባለቤቱ ይሰለቸዋል፤ መግደሉን ስለሚጠላም ወደ ባሕር ይለቀዋል። በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ አንድ የአንበሳ ዓሣ ተያዘ። በኋላም በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ አኳሪየም ሰብሮ አስመለጣቸው ተብሎ በሰፊው ተወራ፤ ነገር ግን ዓሣው ከማዕበሉ ሰባት ዓመት ቀድሞ እዚያ ነበር። አብዛኞቹ ሊቃውንት መነሻው ከቤት የተለቀቁ ዓሦች ናቸው ይላሉ። ከ2000 ወዲህ በካሪቢያን ባሕር ተባዝቶ ሞላ። በባሃማስ በተደረገና በ2008 በታተመ ጥናት አንድ የአንበሳ ዓሣ በአምስት ሳምንት ብቻ ወደ አለቱ የሚመጡትን ታዳጊ ዓሦች ቁጥር 79 በመቶ ያህል ቀነሰ። የዚያ ባሕር ዓሦች አያውቁትም፤ ስለዚህ አይሸሹትም።

በምጽዋም ሆነ በሞምባሳ ዓሣው በተወለደበት ቤት ነው፤ ጎረቤቶቹም ያውቁታል። ኬንያ በ1968 በማሊንዲና በዋታሙ የባሕር ፓርኮችን ስታቋቁም የጠበቀችው ይህንኑ አብሮ መኖር ነው። በካሪቢያን ዛሬ ጠላቂዎች በጦር ያድኑታል፤ ሆቴሎችም አብስለው ያቀርቡታል፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ ሊያጠፉት አልቻሉም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ከነዓሣው ሲፈስስማ የባሰ ነው።